ቤት ስትደርሱ ቁጠሩት

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ የንባብ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ ድግግሞሽ ከመቀነሴ በቀር እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ኦልተን!

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሰላምታ ብቻ ማለፍ አልችልም። እናቴ ገበያ ስትወጣ በሦስቱም ሰላም እያለች ነበር የምታልፈው። ከእሷ ወርሼ ነው።

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ በዚህ የነሐሴ ዝናብ ጫማችሁን ጭቃ አስበልታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ «እትዬ፣ ሰው ጉድ የሚልበትን ነገር ይንገሩን» አሉኝ። እኔ 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጉድ የሚያሰኝ ነገር አላጣም። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ዛሬ ስልካችሁ ራሱ በቀን መቶ ጊዜ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ይላችኋል። ምኑ እውነት ነው? ምኑ ፈጠራ ነው? ለምሳሌ «ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» ሲባል የሰማችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ ነው! ሐሰት ነው። አንጎላችን ተኝተን እንኳን በሙሉ ይሠራል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው። 90 በመቶው ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ይበላ ነበር?

ስለዚህ ዛሬ ዝም ብላችሁ እንድታምኑኝ አልመጣሁም። ያመጣሁት ወይ በእጃችሁ የምትቆጥሩትን፣ ወይ በዓይናችሁ የምታዩትን፣ ወይ ደግሞ «መጀመሪያ ማን ጻፈው?» ብላችሁ የምትጠይቁትን ነው። አራት ነገር ይዣለሁ። ቡና፣ በቆሎ፣ ዝናብ እና ጥላችሁ።

አንደኛው ቡና ነው። ጅማ ላይ ቆሜ በሌላ ልጀምር?

ለብዙ ዓመት የቃልዲንና የፍየሎቹን ነገር ክፍል ውስጥ እንደ ታሪክ አስተምር ነበር። እረኛው፣ ቀዩ ፍሬ፣ የምትዘለው ፍየል። ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ ይሄን መጀመሪያ የጻፈው ማነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ፈልጌ እነግርሃለሁ» አልኩት። ፈልጌ ሳገኘው ልጁ ተመርቆ ከጅማ ሄዷል። ዛሬ እዚህ ባይኖርም መልሱን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ታሪኩ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ ነው። የጻፈው ፋውስቱስ ናይሮን የሚባል ማሮናይት፣ ማለትም የሊባኖስ ክርስቲያኖች ወገን የሆነ ምሁር ነው። በእሱ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም። ቃልዲ የሚባል ሰው የለም። ኢትዮጵያም አልተጠቀሰችም፤ ቦታው የመን በኩል ያለው የዓረብ አገር ነው። እንስሶቹም ግመሎች ናቸው፣ ፍየሎች ናቸው የሚሉም አሉ ይላል። ቃልዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ቅር አላችሁ። የቃልዲ አገር ጮጬ ነው እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። ግን ቆዩ! ቆዩ! የቡና አገርነታችን በፍየል ትከሻ ላይ የቆመ አይደለም። ከፍየሏ የሚበልጥ ምስክር አለን። ምስክሩ ጫካችን ውስጥ ያለው ዛፍ ራሱ ነው።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በዓለም ላይ ከመቶ በላይ የቡና ዝርያ አለ። ሌሎቹ 22 ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መልእክት የሚይዙ ክሮች፣ ነው ያላቸው። የእኛው ቡና፣ አረቢካ የሚሉት፣ 44 አለው። እጥፍ! ለምን? ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የወለዱት ስለሆነ ነው። አንዱ ወላጅ ዛሬ ሮቡስታ የምንለው ነው። ሌላው ዩጂኒዮይደስ የሚባል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ላይ የሚበቅል ቡና ነው። ልጁ የሁለቱንም ክሮሞሶም እንዳለ ይዞ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ይህ የሆነው ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ብሎ ገምቷል።

600 ሺህ ዓመት! ያኔ ሰው አልነበረም። የእኛን የሰውን ዘር የሚመስሉ እጅግ ጥንታዊ አጥንቶች 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ያላቸው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ቡናው እዚህ ነበር። ጀበናውን የሚጥድ ሰው እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀን ማለት ነው።

ታዲያ የዚህ ቡና ዘመዶች በብዛትም በዓይነትም ተሰብስበው በዱር የሚገኙት የት ነው? በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ። እዚሁ ደጃችን። ከኛ ውጭ በዱር ያለው ደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ላይና ኬንያ ማርሳቢት ተራራ ላይ፣ በጥቂቱ ነው። እና ስሙስ? እ.ኤ.አ. በ1753 ሊኔየስ የሚባለው ስዊድናዊ የዕጽዋት ሊቅ «አረቢካ» ብሎ መዘገበው። አውሮፓ የደረሰው ቡና ከየመን ወደብ የተጫነ ስለነበር ነው። ልጁን በጎረቤት ስም መጥራት ማለት ይሄ ነው። እኔ ይህ ስም ያናድደኛል፤ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ቢያንስ ልጆቻችን ለምን እንዲህ እንደተባለ ይወቁ።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። «ክኒን» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ለራስ ምታት ክኒን እንላለን፣ ለጨጓራ ክኒን እንላለን። ቃሉ መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ ነበር። የወባ መድኃኒት፣ ኪኒን። እሱም የሚወጣው ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ከሚበቅል ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ልጣጭ ነው። አሁን ዋናውን ስሙኝ። ሲንኮናና ቡና የአንድ ቤተሰብ ዕጽዋት ናቸው! ያጎት ልጆች በሏቸው።

አያቴ ወደ ጊቤ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ነበር። ኪኒን ሲሰጧቸው አፋቸው ውስጥ የቀረውን ምሬት በቡና ነበር የሚያጥቡት። ሲያወጉን «መራራን በመራራ» ይሉ ነበር። ሁለት ዘመዳሞች ከሁለት አህጉር መጥተው በአንድ ሽማግሌ አፍ ውስጥ መገናኘታቸውን ሳያውቁ አለፉ። ይህን ያወቅሁ ቀን እሳቸውን ነው ያሰብኩት።

ዛሬ ማታ ልትቆጥሩት የምትችሉት ደግሞ ይኸውና። አንድ ጀንፈል ቡና አምጡና ፈልፍሉት። ውስጡ ሁለት ፍሬ ታገኛላችሁ፤ ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ፊት ለፊት የተቃቀፉ። ጠፍጣፋ የሆኑት ለምን ይመስላችኋል? እርስ በርስ ስለተገፋፉ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዲት ድቡልቡል ፍሬ ብቻዋን ትገኛለች። መንታዋ ሳታድግ ቀርታ፣ እሷ ቤቱን ብቻዋን ይዛ የከበበች ናት። እናቴ ቡና ስትለቅም እነዚህን ለይታ መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። መጫወቻዬ ነበሩ። ለምን ክብ እንደሆኑ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ከቡና ሳልወጣ ስለ ንብ አንድ ቃል። የቡና አበባ ወለላ ውስጥ ትንሽ ካፌይን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ካፌይን ያለው ጣፋጭ የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ በማግስቱ የማስታወሳቸው ነገር ካልቀመሱት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። የብርቱካን አበባ ውስጥም ካፌይን አለ። እኛ ጠዋት አቦል ካልቀመስን ነገር አይያዝልንም እንላለን፤ ንቧም እንደዚያው ናት። ደግሞ ይሄን ያዙ፦ ወንድ ንብ አባት የለውም፣ አያት ግን አለው። ንግሥቲቱ ሴት ልትወልድ ስትፈልግ እንቁላሉ ከወንድ ዘር ጋር ይገናኛል። ካልተገናኘ ወንድ ይሆናል። ስለዚህ ወንዱ እናት ብቻ ነው ያለው። እናቱ ግን ሴት ናትና አባት አላት። ከፊት ያላችሁ ተማሪዎች፣ ወረቀት ላይ የዘር ሐረጉን ሳሉትና ተመልከቱት።

ሁለተኛው በቆሎ ነው። ይኸው፣ ይዤ መጥቻለሁ።

ይሄን ከበር ላይ ከምትጠብሰዋ ልጅ ነው የገዛሁት፤ መርጬ አይደለም። የኔ ልጅ፣ አዎ አንተ፣ ና እስቲ። ፍሬውን አይደለም የምትቆጥረው። ከላይ ወደ ታች የወረዱትን ረድፎች ዙሪያውን ቁጠርልን። ስንት ሆነ? 14? አመሰግናለሁ። እስቲ ይሄኛውን ደግሞ አንቺ ቁጠሪ። 16። ሦስተኛው? 14። ጎዶሎ ቁጥር አልመጣም! ቤት ሄዳችሁ ብትቆጥሩም 12፣ 14፣ 16፣ 18 ነው የምታገኙት። ጎዶሎ ረድፍ ያለው በቆሎ ብርቅ ነው። ምክንያቱም ፍሬ የሚሆኑት አበቦች ገና ሲፈጠሩ መንታ መንታ ሆነው ነው የሚወጡት። መንታ ሲደረደር ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው።

አሁን ፀጉሩን እዩት። ስንልጥ አራግፈን የምንጥለው ይህ ፀጉር ምን የሚሠራ ይመስላችኋል? እያንዳንዱ ክር የአንድ ፍሬ ነው። አንድ ክር፣ አንድ ፍሬ። ወንዴው አበባ ከአገዳው አናት ላይ ነው ያለው። ዱቄቱን ነፋስ ያረግፈዋል። አንዷ ብናኝ ክሩ ጫፍ ላይ ታርፍና በክሩ ውስጥ ወደ ታች መንገድ እየቀደደች እስከ ፍሬው ትወርዳለች። ዱቄት ያልደረሰው ክር ካለ የእሱ ፍሬ አይፈጠርም። በቆሎው ጥርሱ የወለቀ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህን ስናገር አያቴ ትዝ ትለኛለች። ማድ ቤቷ ጎን ለጎን አጥሩን ተከትላ አንድ መስመር በቆሎ ትተክል ነበር። ዛላው ያምራል። ሲላጥ ግን ጥርሰ ፍንጭት ነው። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» አለ። አያቴም አመነች። ከዚያ በኋላ እሸቱ ሲደርስ ከአንዲት ጎረቤት መሸሸግ ጀመረች። ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አሁንም ሳስበው ያመኛል። ምክንያቱም በደሉ የማንም አልነበረም። አንድ መስመር ሆኖ የተተከለ በቆሎ ዱቄቱን ነፋስ ወደ ጎን ይወስድበታል፤ ለክሮቹ አይደርስም። ያንኑ ዘር አራት አጫጭር መስመር አድርጋ ጎን ለጎን ብትተክለው ኖሮ ጥርሱ ይሞላ ነበር። ጓሮ ያላችሁ፣ አደራ፣ በመጪው ዓመት እንዲህ ሞክሩት።

በነገራችን ላይ በቆሎ የኛ አይደለም። መነሻው ሜክሲኮ ነው። ከ9 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ከዱር ሣር ተመርጦ የተገኘ ነው። ወደ እኛ የመጣው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። የድሮ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው፤ ባሕር ዛፍንም ባሕር ያሰኘው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ሁሉም ከዚያው ከአሜሪካ ናቸው። በርበሬስ? በርበሬም! ከዚያ በፊት የነበረ ወጥ ቀይ ሚጥሚጣም ቀይ በርበሬም አያውቅም። ኮረሪማ ግን የኛው ነው፤ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። ብርቱካንም ስሙን የወሰደው ከፖርቱጋል ነው፤ በዓረብኛ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን።

ሦስተኛው ዝናብ ነው። እየሰማችሁት ነው? ቆርቆሮውን እየደበደበ ያለው።

ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? «ወደ ባሕር» ትሉኛላችሁ። አይሄድም! ከዚህ ጣሪያ የወረደው አዌቱ ይገባል። አዌቱ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ ጊቤ ይገባል፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ደግሞ መውጫ የለውም። ውሃው እዚያው ፀሐይ ላይ ይተናል። የጅማ ዝናብ ባሕር አያይም።

መንገድ ላይ ግን ሥራ አይፈታም። ግልገል ጊቤ 1 ላይ ተርባይን ያዞራል። ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ጊቤ 2 ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ጊቤ 3 ላይ። አንዲት ጠብታ ሦስት ጊዜ መብራት ታበራለች።

አሁን ባለቤቴ ይስማ። ባለቤቴ የአጋሮ ልጅ ነው። አጋሮ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ አካባቢ ላይ የሚዘንበው ግን ወደ ደዴሳ ነው የሚወርደው። ደዴሳ የሚነሳው ከጎማ ተራሮች ነው። ደዴሳ ዓባይ ይገባል፣ በሕዳሴ ግድብ ያልፋል፣ ሱዳንን ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አንድ ደመና ከጅማ ወደ አጋሮ ሲያልፍ ግማሹን ለቱርካና፣ ግማሹን ለሜዲትራኒያን አካፍሎ ነው የሚሄደው። አጋሮ በሄድን ቁጥር መንገዱ ላይ ከፍታው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ የኛ ውሃ ነው» ይለኛል። 28 ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸው ይለኛል። እኔም ሳይሰለቸኝ እሰማለሁ።

አራተኛውና የመጨረሻው ጥላችሁ ነው።

12 ዓመቴ ገደማ እያለሁ አንድ መምህራችን ግቢው መሃል ቀጥ ያለ እንጨት ተከሉ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት እንድናደርግ አዘዙን። ምክንያቱን አልነገሩንም። መጽሐፋችን «ከምድር ወገብ በስተሰሜን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሆናለች» ይላል። የካቲት ላይ እውነት ነበር፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ግን በየቀኑ ያጥራል፣ ያጥራል፣ ያጥራል። ሚያዝያ መግቢያ ላይ ጠፋ! እንጨቱ ቆሟል፣ ጥላ የለውም። እግራችን ሥር ብናይ የኛም ጥላ ጫማችን ሥር ተደብቋል። በሳምንቱ ጥላው ወደ ሌላው ጎን ወጣ፣ ወደ ደቡብ። መጽሐፉ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ መሆኑን ያን ቀን ተረዳን። መምህሩ ምንም አላሉም፣ ፈገግ ብቻ አሉ። ባዮሎጂ ባስተምርም መምህር የሆንኩት በዚያ እንጨት ነው።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ 1 ወይም 2 ነው። ሌላው ነሐሴ 27 ወይም 28። በሁለቱ መሃል ያለውን ክረምት በሙሉ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

በስንት ሰዓት? ስድስት ሰዓት ላይ እንዳትሉኝ! የአገራችን ሰዓት የተቃኘው 45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው መስመር ነው። ያ መስመር የሚያልፈው ሶማሌ ክልል፣ ዋርዴር አካባቢ ነው። እኛ ከዚያ ወደ ምዕራብ 8 ዲግሪ እንርቃለን። ፀሐይ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስምንት ጊዜ አራት ስንት ነው? 32። ትርፍራፊው ሲጨመር 33 ይሆናል። የጅማ እውነተኛ እኩለ ቀን በዚያ ሰሞን 6 ሰዓት ከ33 ነው። ጅማ ላይ ጠዋት የሚነጋው ዘግየት ብሎ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

ነሐሴ 27 ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ደመናው እንደማያስተማምን አውቃለሁ፤ ክረምት ነው። ቢሆንም ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት እዚሁ ግቢ ውስጥ እገኛለሁ። መምህራችን እንዳደረጉት ቀጥ ያለ እንጨት እተክላለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ሰማዩ እንቢ ካለ ደግሞ ሚያዝያ 1 ላይ እንገናኝ፤ ያኔ ይገለጣል። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ፣ ጠጠሩን እናንተ ልቀሙ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ገለቶማ! አሁን በቆሎውን ብሉት፤ ግን መጀመሪያ ቁጠሩት።